ማሰሪያ አንቀጹን ሳላይ

ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎች ስለበደልኩ ነው። አንዷን በፍርሃቴ በደልኳት፤ ሌላውን በንቀቴ። ሁለቱም በደሎች የተፈጸሙት በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አምባ ጊዮርጊስ ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው የኮምፒውተር ጥገና ቤቴ ነው። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ሲነሣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚያወርዳቸውን ነጫጭ መስመሮች እስከ መጨረሻቸው አላነበብኩም።

አምባ ጊዮርጊስን ለማያውቃት፣ ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬን አልፎ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የወገራ ከተማ ናት። ገብስ፣ ባቄላና ድንች የሚበቅልበት ደጋ ነው። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር የተጠጋ ስለሆነ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ ሰዉ ጋቢውን ደርቦ ነው ሱቁን የሚከፍት። ይህን ብርድ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከኔ ቤት አራት በር ዝቅ ብላ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ የምትሠራ እናት አለች። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የቤት ኪራይ ውል ትጽፋለች፣ የተማሪ ወረቀት ታባዛለች። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። የምትሠራበትን ላፕቶፕ ልጇ ከዓረብ ሀገር ነው የላከችላት። ክዳኑ ጥግ ላይ ጣት የምታህል የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ለጥፋበት ነበር። በነጠላ ጠቅልላ ይዛው መጣችና «ልጄ፣ ሲነሣ ይቆይብኛል። ቫይረስ ይሆናል መሰለኝ እስኪ እይልኝ» አለችኝ።

በዚያ ጊዜ በከተማችን ፍላሽ ያልበከለው ኮምፒውተር አልነበረም። የሰው ፋይል ሁሉ ወደ ሾርትከት እየተቀየረ ስንቱ ደንበኛዬ አልቅሷል። እኔም መፍትሔ ያልኩት ዊንዶውሱን አንሥቶ ኡቡንቱ መጫን ነበር፤ 14.04 የተባለው ቅጂ በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ወጥቶ በፍላሽ ይዤው እዞር ነበር። የእትዬንም ላፕቶፕ ፎርማት አደረግኩና ጫንኩት። ሲነሣ ግን አሁንም ትንሽ ይዘገያል። ሲነሣ ከሚታየው የማስነሻ ሥዕል ጀርባ ምን እየሠራ እንደሆነ ለማየት፣ የማስነሻ መልእክቶችን የሚደብቁትን ሁለት ቃላት፣ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን፣ ከማስነሻው ፋይል ላይ አጠፋኋቸው። ዳግም ሳስነሣው መስመሮቹ እንደ ዝናብ ወረዱ። ዓይኔ አንዱ ላይ ተተከለ።

«ኢነርጂ ፐርፍ ባያስ፦ ሴት ቱ ኖርማል፣ ዋዝ ፐርፎርማንስ» ይላል።

መልእክቶቹ የሚከማቹበትን መዝገብ ከፍቼ አየሁት፤ በማስጠንቀቂያ ደረጃ ነው የተጻፈው። ቃላቱን ለየብቻ አውቃቸዋለሁ። ኢነርጂ ኃይል ነው፤ ፐርፎርማንስ ብቃት፤ ዋዝ ደግሞ ነበር። ከነዚህ ሦስት ቃላት በራሴ ጭንቅላት አንድ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ፤ «ብቃት ነበረው»። በኛ አነጋገር «ሀብታም ነበር» ከተባለ ሰውዬው ዛሬ ድኻ ነው ማለት ነው። «ጎበዝ ነበር» ከተባለ ወይ አርጅቷል ወይ ሞቷል። እኔም ያንን መስመር እንደ መርዶ አነበብኩት። ፕሮሰሰሩ ብቃት ነበረው፤ አሁን የለውም።

«እትዬ፣ ፕሮሰሰሩ እየሞተ ነው» አልኳት። «ኃይል መቆጣጠር አቅቶታል። ጨርሶ ሳይቆም ብትሸጪው ይሻላል።»

«ዓመት እንኳ አልሞላውም እኮ ልጄ። ጨርሶ ነው?»

«ማሽኑ ራሱ እየተናገረ ነው» ብዬ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩት።

እንግሊዝኛ አታነብም። መስመሩን አየት አደረገችና ቀና ብላ ፊቴን አየች። ያመነችው ፊቴን ነው። ይህ አስተያየቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ላፕቶፑን ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ2,000 ብር ሸጠችው፤ በዚያን ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ያወጣ ነበር። ዕቁብተኞቿን ለምና ያለ ተራዋ ዕጣ ወሰደችና አሮጌ ዴስክቶፕ ገዛች። ያንን ዕቁብ ስትከፍል ከዓመት በላይ ፈጀባት። ሌላም የምናዘዘው አለ፤ እየሞተ ነው ብዬ ያመንኩትን ዕቃ ለሌላ ሰው ሽጪው ብዬ መምከሬ። ገዢው ተጎጂ ሊሆን እንደሚችል ለደቂቃ እንኳ አላሰብኩም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ወጣት ኪቦርዱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ክዳኑ ጥግ ላይ ግማሽ ጎኑ የተላጠ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ። እጄ ቀዘቀዘ። የውጭ ኪቦርድ ሰካሁና አስነሣሁት፤ መዝገቡን ከፈትኩ። ያው መስመር እዚያው ቦታው ላይ አለ።

«ይሄ ላፕቶፕ ተበላሽቶብህ ያውቃል?» አልኩት።

«ኧረ በጭራሽ! የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁበት እኮ ነው።»

በዚያ ምሽት ቤቴን ዘግቼ፣ ሁለት ዓመት ዘግይቼ፣ መስመሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። የሚለውን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ፕሮሰሰር ኃይልን እንዴት እንደሚያስተዳድር ማወቅ ነበረብኝ። ያን ጊዜ የገባኝን እዚህ ላስቀምጠው።

ከጎንደር ወደ እኛ የሚመጣን ሚኒባስ አስቡ። ሾፌሩ ዳገቱ ላይ ነዳጅ ይሰጣል፤ ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ያነሣል፤ ረዳቱ ተሳፋሪ እስኪጠራ ከቆመ ደግሞ ሞተሩን ያጠፋል። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ሥራ ሲበዛበት ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሲቀልለው ይቀንሳል፤ ሥራ ሲያጣ በሴኮንድ ሽራፊ ያሸልባል፤ ሲጠራ ይነቃል። እኛ አንድ ፊደል መትተን ሌላውን እስክንመታ ባለው ጊዜ ውስጥ እንኳ ተኝቶ ይነሣል። ይህ ሁሉ ለኃይል ነው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ይጨምራል። ስለዚህ ፍጥነቱንም ቮልቴጁንም 20 በመቶ ብንቀንስ የሚበላው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። አንድ አምስተኛ ፍጥነት ሰጥቶ ግማሽ ኃይል ማትረፍ ማለት ነው።

ይህን ሥራ ሃርድዌሩና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተስማምተው እንዲሠሩት፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በ1996 እ.ኤ.አ. ኤሲፒአይ የተባለ የጋራ ደንብ አወጡ። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ባዮስ ነው። ባዮስ ዕቃውን ቆጥሮ፣ ፕሮሰሰሩ ምን ምን የፍጥነት ደረጃ እንዳለው፣ ፋኑና ባትሪው እንዴት እንደሚታዘዙ የሚገልጽ ሰንጠረዥ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያስረክባል። ልክ የንብረት ክፍል ኃላፊ ለተተኪው ቆጥሮ እንደሚያስረክበው ነው። በርክክቡ ጊዜ የጎደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ካለ፣ ተረካቢው «ይህን እንዲህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ብሎ በመዝገብ ያሰፍራል። ኮምፒውተር ሲነሣ የምናያቸው አብዛኞቹ የኃይል አስተዳደር ማስጠንቀቂያዎች የዚህ ርክክብ ቃለ ጉባኤ ናቸው።

አሁን ወደዚያች መስመር እንመለስ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ፣ ለሾፌሩ «ከፍጥነትና ከነዳጅ ቁጠባ የቱን ታስቀድማለህ?» የሚል ጥያቄ መልስ የሚጻፍባት አንዲት ትንሽ ቦታ አለች። መልሱ ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ነዳጅ አታስብ፣ ፍጥነት ብቻ ማለት ነው፤ 15 ከሆነ ቁጠባ ይቅደም፤ 6 መካከለኛው ነው። ፕሮሰሰሩ ሲበራ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ 0 ላይ ነው የሚገኘው። ባዮሱ ተገቢውን ቁጥር መሙላት ነበረበት፤ ብዙ ባዮሶች ግን እንዳለ ይተዉታል። የኡቡንቱ እምብርት የሆነው የሊኑክስ ከርነል 0 ሆኖ ሲያገኘው «ይህ ተረስቶ የቀረ ነው» ብሎ 6 ያደርገዋል። የሰው ቅንብር ስለነካ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ያደረገውን ይናገራል። «የኃይል ሚዛኑን መደበኛ አድርጌዋለሁ፤ ቀድሞ ለፍጥነት ያደላ ነበር» ይላል። በዚያን ጊዜው ከርነል ደግሞ ቀጥሎ ባለው መስመር ባለቤቱ ካልፈለገው የሚመልስበትን መሣሪያ በስሙ ይጠቅስ ነበር። ያችን ሁለተኛ መስመር ጨርሶ አላየኋትም ነበር።

እንግዲህ መርዶ ያልኩት ነገር መልካም ዜና ነበር። ከርነሉ ለእትዬ ኃይል እየቆጠበላት ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዋ በባትሪ ዕድሜ ላይ ለሚወድቅ ሴት፣ ያ መስመር ጥቅሟን የሚያስጠብቅ ነበር። ቃላቱንም አውቃቸው ነበር። የጎደለኝ ማሰሪያ አንቀጹን መፈለግ ነው። «ነበር» የሚለው ቃል የፕሮሰሰሩን ጤና የሚናገር መስሎኝ ነበር፤ የሚናገረው ስለ አንድ ቅንብር የቀድሞ ዋጋ ነው። ዋናው ግሥ «አድርጌዋለሁ» የሚለው ነው፤ ነገሩ አልቋል፣ ተስተካክሏል።

ሰው አንዴ ከተማረ ሁለተኛ አይሳሳትም ይባላል። እኔ ግን ከዚያ ትምህርት ግማሹን ብቻ ነው የወሰድኩት። «ማስጠንቀቂያ ሁሉ ባዶ ጩኸት ነው» ብዬ ደመደምኩ። መልእክት የሚደብቁት እነዚያ ሁለት ቃላት በሁሉም ደንበኞቼ ማሽን ላይ መኖራቸውን አረጋገጥኩ፤ ስክሪኑ ሲነሣ ንጹሕ ሥዕል ብቻ እንዲታይ። «ይሄ ምንድን ነው የሚጽፈው?» ያለኝን ሁሉ «ተወው፣ ልማዱ ነው» እያልኩ ሸኘሁ። ፍርሃቴ ወደ ንቀት ተገለበጠ፤ ፍርሃቱም ንቀቱም ግን ከአለማንበብ የመጡ ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ አንድ መምህር ወዳጄ መጣ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉን ሊያስረክብ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ሌሊት ሌሊት ነው የሚጽፈው። «ከመሸ በኋላ ይንቀራፈፍብኛል፤ ፊደል መትቼ ቆይቶ ነው የሚጽፍልኝ» አለኝ። መዝገቡን ከፈትኩት። «ኮር ቴምፕሬቸር አቦቭ ትሬሾልድ፣ ሲፒዩ ክሎክ ትሮትልድ» የሚል መስመር ተደጋግሞ ሞልቶታል። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ከወሰኑ አልፏል፣ ፍጥነቱ ተገድቧል ማለት ነው። በቅንፍ ውስጥ ይህ ስንት ጊዜ እንደደረሰ የሚቆጥር ቁጥር አለ፤ በሺዎች ገብቷል።

ያየሁትን አየሁ፤ የተናገርኩትም ይኸው ነው። «ወንድሜ፣ በአምባ ጊዮርጊስ ታኅሣሥ ምን ሙቀት አለ? እነዚህ መልእክቶች ልማዳቸው ነው፤ አትጨነቅባቸው።» ጥቂት አላስፈላጊ ፕሮግራሞች አጥፍቼ መለስኩለት።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ላፕቶፑ አልነሣ አለ። ቦርዱ ሄዶ ነበር። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ጽሑፉን አገኘነው፤ ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ። ግን ሌላ ማሽን እስኪያገኝ፣ ፋይሉን ከዲስኩ እስክናወጣ ቀኑ አለፈ። የማስረከቢያው ጊዜ አመለጠውና ምረቃው ተራዘመበት። ዓመቱን ሙሉ ሲጠብቁት የነበሩት እናቱ በዚያ ዓመት የምረቃውን ቀን አላዩም።

የሞተውን ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታሁት። ብሎኖቹን በተርታ ደረደርኩ፣ የታችኛውን ክዳን አነሣሁ። በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት ስስ የመዳብ ክንፎች መካከል አቧራ ተጠቅጥቆ እንደ ባና ተዳውሯል። በጥፍሬ ጫፍ ስይዘው አንድ ሆኖ ተነሣ፤ ውፍረቱ የልጅ ጣት ያህላል። ከሥሩ አንዲትም ቀዳዳ አልተረፈችም። ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። አቧራው ውስጥ የጋቢ ክር ነበረበት። ነጭ፣ ቀጭን የጥጥ ክር።

ያኔ ነው ወዳጄን እንዴት ይጽፍ እንደነበር የጠየቅኩት። «ብርዱ አላስቀምጥ ሲለኝ አልጋ ውስጥ ገብቼ፣ ጋቢውን ጉልበቴ ላይ አጥፌ ላፕቶፑን ከላዩ አስቀምጠዋለሁ። እግሬንም ያሞቅልኛል» አለኝ። ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ጋቢው አፉን ይዘጋዋል፣ ክሩንም ይመግበዋል። ምን ሙቀት አለ ብዬ የተማመንኩበት ያ ብርድ ራሱ ነበር ማሽኑን ያፈነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እኛ ደገኞች ልናውቀው የሚገባ። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ባቄላ ንፍሮ እኛ ጋ ከቆላው ይልቅ ረጅም ሰዓት የሚፈጅበትም ምክንያት ከዚህ የሚመጣ ነው፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውኃው በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ አንድ ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር እኛ ጋ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይህን በከፊል ያካክሳል፤ ነገር ግን ማስወጫው ከተደፈነ ስስ አየርና የተዘጋ ቀዳዳ ተደማምረው ፕሮሰሰሩን ያግሉታል። የደጋ ብርድ የሚሰማው ለሰው ቆዳ ነው፤ በጋቢ የተጠቀለለ ፕሮሰሰር ጋ አይደርስም።

መልእክቱስ ራሱ ምን ነበር? አንድ ፕሮሰሰር እንደየሥሪቱ ከ85 እስከ 105 ዲግሪ ባለ ወሰን ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የዚህ መከላከያ ጥቅም በ2001 እ.ኤ.አ. ቶምስ ሃርድዌር በቪዲዮ ባሳየው ሙከራ በግልጽ ታይቷል፤ የማቀዝቀዣው ብረት ከላያቸው ሲነሣ ፔንቲየም 4 ሥራውን አዘግይቶ ተረፈ፣ በዚያን ጊዜ የነበረው አትሎን ደግሞ በሴኮንዶች ውስጥ ጢሶ ተቃጠለ። የወዳጄ ላፕቶፕ ሌሊት ሌሊት የሚንቀራፈፈው ከጥፋት ለመትረፍ እየታገለ ስለነበረ ነው። እኔ መንቀራፈፉን እንደ ችግር፣ ማስጠንቀቂያውን እንደ ጩኸት አየሁት። ሁለቱም የአንድ ነገር ሁለት ምስክሮች ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ፣ ሁለቱን መልእክቶች መለየት የሚያስችለኝ ምልክት ከመጀመሪያው እዚያው መኖሩ ነው። የሊኑክስ ከርነል እያንዳንዱን መልእክት ከ0 እስከ 7 ባለ ደረጃ ይመድበዋል። ቁጥሩ ሲያንስ ነገሩ ይከብዳል፤ 0 ማሽኑ ከጥቅም ውጭ ሆኗል ማለት ነው፣ 7 ለባለሙያ የሚሆን ዝርዝር ነው። የእትዬ መስመር ደረጃው 4 ነበር፤ ተራ ማስጠንቀቂያ። የወዳጄ መስመር በዚያን ጊዜው ከርነል ደረጃው 2 ነበር፤ አስጊ። በመጀመሪያው ሰው አስለቀስኩ፤ በሁለተኛው ተኙ አልኩ። የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል እንኳ ባውቅ ሁለቱም በደሎች ባልተፈጸሙ ነበር።

ጎንደር የንባብ አገር ናት። አባቶቻችን መጻሕፍትን በአንድምታ ሲተረጉሙ አንድ ሥርዓት አላቸው። በቅድሚያ ንባቡ እንዳለ ይነበባል፤ ቀጥሎ ቃሉ በቃሉ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ነው «አንድም» እየተባለ ምሥጢሩ የሚዘረዘረው። ንባቡን ሳያጸና ወደ አንድምታው የሚሮጥ ደቀ መዝሙር ይመለሳል። የቅኔ ተማሪም ማሰሪያ አንቀጹ የቱ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይለይ ሰሙንም ወርቁንም አያገኝም። እኔ በዚህ አገር አድጌ፣ አንዲት አጭር መስመር ፊት ንባቡን ዘልዬ ወደ አንድምታው ሮጥኩ። ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ ምክንያት አይሆነኝም። አለማወቄን ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ነበረኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ማሽን ሲነሣ የሚለውን ሳነብ አራት ነገር እጠይቃለሁ። መጀመሪያ፣ ተናጋሪው ማን ነው? ባዮሱ ነው፣ ከርነሉ ነው ወይስ አንድ ፕሮግራም? በኤሲፒአይ ስም የሚወጡ ብዙ የስሕተት መልእክቶች አምራቹ በባዮሱ ሰንጠረዥ ውስጥ የሠራቸው ግድፈቶች ናቸው፤ ማሽኑ እየሠራ ይቀጥላል፤ መድኃኒታቸውም አብዛኛውን ጊዜ የባዮስ ማሻሻያ ነው። ሁለተኛ፣ ግሡ ምንድን ነው? ተስተካክሏል ነው፣ አልቻልኩም ነው ወይስ አሁንም እየደረሰ ነው? ሦስተኛ፣ ደረጃው ስንት ነው? አራተኛ፣ አንዴ ተናግሮ ዝም አለ ወይስ ይደጋግመዋል? አንዴ ተነሥቶ የሚያልፍ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ማስታወሻ ነው። በየደቂቃው የሚመለስ፣ ቁጥሩም የሚያድግ ግን አቤቱታ ነው፤ በዚያኑ ቀን ክዳን ያስከፍታል። አምስተኛ ጥያቄ ካስፈለገ ለሰውዬው ነው፤ ማሽኑን ምን ላይ አስቀምጠህ ነው የምትሠራው?

ወዳጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። በተከታዩ ዓመት ተመረቀ፤ እኔም ከእናቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ለእትዬ መናገር ግን ከበደኝ። ብዙ ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም፣ ለዘመን መለወጫ እንኳን አደረሰሽ ልላት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። ላፕቶፑ ጤነኛ እንደነበረ፣ መስመሩ ምን ይል እንደነበር፣ ማን ጋ እንዳየሁት። ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ልጄ የላከችልኝ ነበር እኮ» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብዙ ቆየች። የዋጋውን ልዩነት ልከፍላት ብር ይዤ ነበር፤ አልቀበልም አለች። ለምኛት ለምኛት በመጨረሻ «እንግዲያው ለኔ እንዳደረግከው ለሌላ ሰው እንዳታደርግ። የማታውቀውን አላውቀውም በል» አለችኝ። ያች ቃል ከብሩ በላይ ከበደችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱቋ ማሽኖች ጥገና በኔ ላይ ነው፤ ይህንን ግን ካሣ ብዬ አልጠራውም። ዓመት የፈጀባትን ዕቁብና የልጇን ስጦታ የሚመልስ ነገር የለኝም።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደብተር አለ። አንድ ማሽን ሲነሣ ማስጠንቀቂያ ካሳየ፣ መስመሩን እንዳለ እገለብጠዋለሁ፤ ከሥሩ በአማርኛ ፍቺውን እጽፋለሁ፤ ካላወቅኩት «አልታወቀም፣ ይጠየቅ» እላለሁ፤ ገጹንም ለባለቤቱ አነበዋለሁ። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ፊቴን አይቶ እንዲያምን አላደርግም፤ ቃሉን ሰምቶ ራሱ ይወስን። ከሁሉ አስቀድሜ የምከፍተው ክዳኑን ነው፤ አቧራውን አጸዳለሁ፣ የደረቀውን ፔስት እቀይራለሁ።

በየከተማው ኮምፒውተር ለምትጠግኑ ወንድሞችና እኅቶች የምለው ይህ ነው። ደንበኛችሁ የማያነበውን ነገር በሱ ፈንታ ስታነቡ፣ የያዛችሁት የሱን ገንዘብ፣ የሱን ጊዜ፣ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ያለች ልጁን ላብ ነው። አንዲት ቃል ነጥቃችሁ ፍርድ አትስጡ፤ ጩኸት ነው ብላችሁም አታልፉ። መስመሩን እስከ ማሰሪያ አንቀጹ ድረስ አንብቡት። ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ደጋ ላይ ያላችሁ ሁሉ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ስትጽፉ ጋቢውን ለራሳችሁ ልበሱት፤ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ወይም ጣውላ ላይ አስቀምጡት።